ጅማ ሀዲድ ኖሮ ያውቃል እንዴ?

የሂርማታው ልጅ፦
ሰላም የጅማ ልጆች፣ ሰፈር ውስጥ ክርክር ተነስቶ አንዱ በጣልያን ጊዜ ባቡር ጅማ ድረስ ይገባ ነበር ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ሰምቼም አላውቅ። ደሞ የጅቡቲው ባቡር አሁን በብዛት ጭነት ነው ይላሉ፣ የኛን ቡና ይነካዋል? የሚያውቅ ዘርዘር አድርጎ ይንገረን።

ከዚራ፦
አልነበረም ወንድሜ። ጣልያን ጅማ ድረስ ያመጣው የመኪና መንገድ ነው፣ እሱን ይሆናል ያምታታው። ድሬ ስላደግኩ የባቡሩን ነገር ልንገርህ፣ ምኒልክ ለስዊዙ አልፍሬድ ኢልግ በ1886 ፈቃድ ሰጡ፣ ስራው ከጅቡቲ በ1890 ተጀመረ፣ በ1895 ድሬ ገባ። ሐሳቡ ሐረር ነበር፣ ግን ተራራው ወጪ ያበዛል ተብሎ ሀዲዱ ቆላ ቆላውን አለፈና ድሬዳዋ ከባዶ ሜዳ ተቆረቆረች፣ ሐረሮች እስካሁን ሳይከፋቸው አይቀርም 😂 ከዛ ኩባንያው ከሰረ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይም መስመሩን ማን ይቆጣጠረው ብለው ሲናቆሩ ስራው አመታት ቆመ። አዲስ አበባ ለገሃር የደረሰው በ1909 ነው፣ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር፣ የሀዲዱ ስፋት 1 ሜትር ብቻ።

ቡና ነጋዴ፦
ከዚራ ጥሩ ብሏል፣ የቡናውን እኔ ልጨምር። ያኔ ከሂርማታ ገበያ ቡናው በበቅሎ ተጭኖ ጊቤን ተሻግሮ ነበር ሸዋ የሚገባው። የጎሬ በኩሉ ደሞ ባቡሩን ጭራሽ አያየውም ነበር፣ ጋምቤላ ወርዶ ክረምት ባሮ ሲሞላ በመርከብ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር፣ ወንዙ ሲጎድል መርከብ አልነበረም። አሁን ያለው የኤሌክትሪኩ መስመር ሌላ ነው፣ በ2009 ተመርቆ በ2010 መደበኛ ስራ የጀመረ፣ ወደ 750 ኪሎ ሜትር። ሰውም ይጭናል ግን ዋናው ስራው ኮንቴይነር ነው። የኛ ቡና አዲስ አበባ ድረስ በአይሱዙ ወይ በተሳቢ ነው የሚሄደው፣ እዛ ተበጥሮ ተለቅሞ ኮንቴይነር ከገባ በኋላ ነው ወይ በባቡር ወይ በመኪና ጅቡቲ የሚወርደው። ስለዚህ ከጅማ ያለው ኪራይ በባቡሩ ምክንያት ቀነሰ የሚልህ ካለ አትስማው።

የሂርማታው ልጅ፦
እናመሰግናለን! ግን ወደ ጅማ ይዘረጋል ሲባል የነበረውስ?

ከዚራ፦
በሀገር አቀፉ የባቡር እቅድ ውስጥ ነበረ፣ በኢጃጂ አድርጎ ጅማ፣ ከዛ ጉራፈርዳና ዲማ ወደ ደቡብ ሱዳን ድንበር። ወረቀት ላይ ነው የቀረው። እኔን ብትጠይቀኝ ከሁሉም መቅደም የነበረበት እሱ ነው፣ ቡናው ያለው በዚህ በኩል አይደል እንዴ?

ቡና ነጋዴ፦
ያ ሁሉ ገደልና ድልድይስ፣ ብሩን ማን ያወጣል 🙄