ሁለት ካርድ በጠባብ ኬዝ ውስጥ፦ ላይኛው እየተቃጠለብኝ ነው

ትኩስ ኬዝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማይክሮ ኤቲኤክስ በሚባል አነስ ያለ የኮምፒውተር ኬዝ ውስጥ ሁለት ጂቲኤክስ 1070 የግራፊክስ ካርዶች በኤስኤልአይ (ሁለት ካርድ አብረው እንዲሠሩ በሚያደርገው የኤንቪዲያ ዘዴ) አጣምሬ ነው የምጫወተው። ጠባብ መሆኑን ሳላውቅ አይደለም የገባሁበት፤ ጠረጴዛዬ ትልቅ ኬዝ ስለማይችል ነው። ጌም ከጀመርኩ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ላይኛው ካርድ 83 ዲግሪ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ታችኛው 67 ላይ ዘና ብሎ ይሠራል። ከዚያ የላይኛው ፍጥነት ከ1,900 ሜጋኸርዝ እየወረደ እየወረደ 1,500ዎቹ ውስጥ ይገባል፣ ምስሉም መቆራረጥ ይጀምራል። የፋኑ ጩኸት ሄድፎን አድርጌ እንኳ ይሰማኛል። በሁለቱ ካርዶች መካከል ያለው ክፍተት ትንሿን ጣቴን አያስገባም። አቧራውን ጠርጌያለሁ፣ ተርማል ፔስቱንም (ሙቀት አስተላላፊውን ቅባት) ቀይሬያለሁ። ጠብ ያለ ነገር የለም። የተበላሸው ካርዱ ነው ወይስ እኔ ነኝ?

ነፋስ አምጪ፦
ካርዱን አትውቀሰው። ያንተዎቹ ሁለት ሦስት ፋን ፊት ለፊት ያላቸው፣ ክፍት የሆኑት ይመስሉኛል። እነሱ ሙቀቱን ከኬዝ አያስወጡም፤ እዚያው ውስጥ ነው የሚበትኑት። አንዱ 150 ዋት ይበላል፣ ሁለቱ 300። ላይኛው ካርድ ደግሞ የሚስበው አየር የታችኛው ጀርባ ያሞቀውን ነው። ለእንዲህ ዓይነት ኬዝ አየሩን በኋላ በኩል የሚተፉት፣ ብሎወር የሚባሉት ይሻሉ ነበር። ጆሮ ይበሳሉ፣ ግን ይሻላሉ። አሁን ያለፈው አልፏል።

መጀመሪያ የጎኑን ክዳን አውልቀህ ተጫወት። ሙቀቱ ደህና አድርጎ ከወረደ ችግሩ የአየር ዝውውር ነው። ቀጥለህ ካርዶቹን አቀያይራቸው። አሁንም ላይ የተቀመጠው ከጋለ፣ ጥፋቱ የቦታው እንጂ የካርዱ አይደለም።

ብቸኛ ካርድ፦
የምለውን ብዙ ሰው አይወደውም፦ አንዱን ሽጠው። ኤንቪዲያ ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ለኤስኤልአይ አዲስ ፕሮፋይል (አንድ ጌም ሁለቱንም ካርድ እንዲጠቀም የሚያደርግ ቅንብር) መሥራት አቁሟል። አዳዲስ ጌሞች ላይ ሁለተኛው ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ቁጭ ብሎ ያያል። መሸጡ ከከበደህ፣ በማይደግፉት ጌሞች ላይ ኤስኤልአዩን አጥፋው።

ነፋስ አምጪ፦
አንድ ነገር ረስቼ። የኬዙ ፋኖች ወዴት እንደሚነፉ አይተሃል? ሶፍት ቀደድ አድርገህ አስጠጋባቸው። ሞተሩን የያዙት የፕላስቲክ ድጋፎች ያሉበት ጎን አየር የሚወጣበት ነው።

ትኩስ ኬዝ፦
ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ክዳኑን ሳወልቅ ላይኛው 76 ገባ። ካርዶቹን ሳቀያይር፣ ያ ጤነኛ ያልኩት ላይ ወጥቶ 83 መታ። እና ካርዱን ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ሶፍቱ ግን አሳፈረኝ። ከፊት ያለው ፋን ላይ ሳስጠጋው መጣበቅ ሲገባው ወደ ፊቴ ተርገበገበ። ለካ ገልብጬ ነው የገጠምኩት! ከፊትም ከኋላም አስወጣለሁ፣ አየር የሚያስገባልኝ አንድም ፋን የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ። አራት ብሎን ፈትቼ አዞርኩት።

ሳጎነብስ ደግሞ ሌላ አየሁ። ላይኛው ካርድ በክብደቱ ጫፉ ዘሞ ታችኛው ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረውም። ቀና አድርጌ በትንሽ የላስቲክ ቁራጭ ደገፍኩት። ያተረፍኩት ሦስት ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ክፍተቱ አፍ ላይ የተንጠለጠለ የፓወር ኬብልም ነበር፤ ከኋላ አሳለፍኩት።

ከዚያ አፍተርበርነር በሚባለው የካርድ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ላይ የኃይል ገደቡን 75 በመቶ አደረግኩ። ስክሪኔ 60 ኸርዝ ስለሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ምስል (ፍሬም) ብቻ ስለሚያሳይ፣ ፍሬሙንም 60 ላይ ገደብኩት። ለካ ካርዶቹን የማነዳቸው ለማላየው ፍሬም ነበር። አሁን ክዳኑ ተዘግቶ ላይኛው 73፣ ታችኛው 64።

ብቸኛ ካርድ፣ ያልከውንም ሞከርኩ። ከምጫወታቸው አምስት ጌሞች ሁለተኛውን ካርድ የሚነኩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ግን ገና አልሸጥኩትም፤ ሁለቱ የምወዳቸው ናቸው።

ብቸኛ ካርድ፦
ሁለት ከአምስት? ዋጋው ሳይወርድ ቶሎ በል።