በሜሪላንድ «ቁጥር አንድ ቲም» በምን ተለክቶ ነው?

ቆጣሪው፦ ደግሞ ጀመሩ! «በሜሪላንድ ቁጥር አንዱ የቤት ሽያጭ ቲም፤ ዋጋ ዘንድሮም ጨምሯል፣ ሳይረፍድ ግዙ» የሚል ማስታወቂያ በየግሩፑ ተለጥፏል። በምን ተለክቶ?

የስፕሪንጓ፦ በሽያጭ ነዋ። ምቀኝነት ካልሆነ ቁጥሩ አይዋሽም።

ቆጣሪው፦ አይዋሽም? 20 ኤጀንት (የቤት ደላላ) የሸጠው በአንድ ቲም ስም ይደመራል። እስቲ ለ20 አካፍይው። አንዱ ኤጀንታቸው ለሻጭ፣ ሌላው ለገዢ ከቆመ ደግሞ ያው አንድ ቤት ሁለት ተብሎ ይቆጠራል።

የስፕሪንጓ፦ ቢሆንስ? ሁለቱንም ሥራ ሠርተዋል።

ሞርጌጅ ፈቺው፦ «ጨምሯል» የሚሉት ሚዲያኑን ነው፣ ማለትም ከተሸጡት መሀል ላይ ያለውን ዋጋ። የ30 ዓመት የቤት ብድር ወለድ በ2021 3% ገደማ ነበር፣ ኦክቶበር 2023 7.79% ደረሰ። የ400,000 ዶላር ብድር በ30 ዓመት፣ በ3% ወርሃዊው 1,686 ነው፤ በ7% 2,661። ታክስና ኢንሹራንስ ሳይጨመር! ወርሃዊው ከብዶት ርካሹን ኮንዶ (አፓርትመንት) ፈላጊው ሲሸሽ ከተሸጡት የሚበዛው ትልልቁ ቤት ይሆናል፣ ሚዲያኑ ይወጣል። የማንም ቤት አንድ ዶላር ሳይጨምር እንኳ ይህ ሊሆን ይችላል።

የስፕሪንጓ፦ በቁጥር እያወራህ ቁጥር ታማለህ!

አሌክሳንድሪያ፦ ቨርጂኒያ ኑና ተገላገሉ። እንደ ሜሪላንድ የካውንቲ ገቢ ታክስ የለም።

ቆጣሪው፦ የቨርጂኒያን የመኪና ታክስ ማን ይከፍልልናል፣ አንተ?

አሌክሳንድሪያ፦ ካምሪ ለሚነዳ ስንት ይመጣበታል ብለህ ነው።

ሞርጌጅ ፈቺው፦ ወደ ነገራችን። «በ4 ቀን ሸጥን» ሲሏችሁ ቤቱ በጠቅላላ ስንት ቀን ገበያ ላይ እንደቆየ ጠይቁ። ሳይሸጥ የወረደ ቤት እንደገና ሲለጠፍ የሊስቲንጉ (የሽያጭ ማስታወቂያው) የቀን ቆጠራ ከዜሮ ሊጀምር ይችላል። ከኦገስት 17፣ 2024 ወዲህ ደግሞ ለገዢ የሚቆም ኤጀንት ቤት ከማሳየቱ በፊት ውል ያስፈርማችኋል። ኮሚሽኑ፣ ማለትም የኤጀንቱ ክፍያ፣ እዚያ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ሻጩ ያልሸፈነውን እናንተ ትከፍላላችሁ። ስለዚህ የውሉን ጊዜ አሳጥሩ፣ ለአንድ ቤት ብቻም መፈረም ይቻላል።

የስፕሪንጓ፦ ኮሚሽኑ 2.5% መሆኑ የታወቀ ነው፣ ምን ያከራክራል?

ቆጣሪው፦ የታወቀ በማን? ሕግ አይደለም፣ ድርድር ነው። ቁጥር አንዶቹ ይህን ነግረውሻል?

የስፕሪንጓ፦ አንተ ለየትኛው ቲም ነው የምትሠራው ግን?

ቆጣሪው፦ ይኸው! ቁጥሩ ሲያልቅ ወደ ሰው።

የስፕሪንጓ፦ አልመለስክም።