«ጻኡ ንኡሰ ክርስቲያን» ሲባል ማን ይወጣል? የቤተ ክርስቲያን ታሪክና የዛሬው አምልኳችን

ጥያቄ፦ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ፣ ጎንደር

የከበረ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። በከተማችን በአንድ ደብር ለወጣቶች የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ማስተማር ከጀመርሁ አራት ዓመት ሆኖኛል። ልጆቹ የኒቅያ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ325 መደረጉን፣ ፍሬምናጦስ ከአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና መቀበሉን፣ ዐፄ ፋሲል በ1632 መንገሣቸውን ሳያዛንፉ ይመልሳሉ። ባለፈው እሑድ ግን አንዲት ተማሪ፣ «መምህር፣ ይህን ሁሉ ባውቅ ቅዳሴ ስቆም ምን ይለወጥልኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ታሪክን የማያውቅ ሥሩን አያውቅም የሚለውን የተለመደ መልስ ሰጠኋት፤ እርሷም በትሕትና ዝም አለች፤ እኔ ግን እንዳልመለስሁላት አውቃለሁ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር?

መልስ፦ የቀድሞ ዲያቆን፣ አሁን የአቋቋም ተማሪ

መምህር፣ እኔ ብሆን ከዓመተ ምሕረቱ ሳይሆን በየሳምንቱ ከምትሰማው ቃል እጀምርላት ነበር። ወንጌል ከተነበበ በኋላ ዲያቆኑ «ጻኡ ንኡሰ ክርስቲያን» (ገና ያልተጠመቃችሁ የክርስትና ተማሪዎች ውጡ) ይላል። ልጅ ሳለሁ ይህን በዜማ ስል ከሕዝቡ ማንም ከቦታው ንቅንቅ አይልም ነበር። አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ውጡ ያልከው እኛን ነው እንዴ ልጄ?» ቢሉኝ የምመልሰው አጣሁ፤ ቃሉን እንጂ ትርጉሙን አልተማርሁም ነበርና።

በመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት ወደ ክርስትና የሚመጣው አብዛኛው ሰው ዐዋቂ ነበር። እስከ ሦስት ዓመት ድረስ እየተማረና ኑሮው እየተመረመረ ይቆያል፤ ንባቡንና ስብከቱን ይሰማል፤ ምሥጢሩ (ቁርባኑ) ሊጀመር ሲል ግን ገና አልተጠመቀምና ይወጣል። ዛሬ ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ስለምትጠመቅ የሚወጣ ሰው የለም፤ ይህም ሥርዓታችን ነው። ነገር ግን ያ የሦስት ዓመት ትምህርት የት ገባ? ከጥምቀት በኋላ እንዲሰጥ ለክርስትና አባትና ለክርስትና እናት የተተወ አደራ ነበር፤ እኛ ግን አደራውን ወደ ስጦታና ወደ ድግስ ለውጠነዋል። ተማሪዎ ይህን ብታውቅ በሚቀጥለው እሑድ ያንን ቃል ስትሰማ «እኔስ ተምሬያለሁን?» ብላ ራሷን መጠየቋ አይቀርም። በሐዋርያት ቀኖናም ንባቡን ሰምቶ ጸሎቱንና ቁርባኑን ትቶ የሚሄድ ምእመን ይገሠጻል፤ የእኛ ወጣት ግን እስከ መጨረሻው ቆሞ፣ «ሳረጅ እቆርባለሁ» እያለ ይመለሳል።

መልስ፦ ጡረተኛ የታሪክ መምህር፣ አዘዞ

ከላይ በተጻፈው እስማማለሁ፤ ሆኖም ታሪክ መኩሪያ ብቻ እንዳይሆንብን እሰጋለሁ። ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጎብኚ ሲመጣ በጣሪያው ላይ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች እንቆጥርለታለን፤ ለጸሎት ስንገባ ግን ቀና ብለን የምናይ ጥቂቶች ነን።

ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ሲቀበሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲሾሙ፣ የበዓላቱ አቆጣጠር እንዲለወጥ አዘዙ። አገሩ በደም ታጠበ፤ በመጨረሻም ንጉሡ በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ልጆቹ ይህን ይወዱታል፤ እኛ የተገፋንበት ታሪክ ነውና። ከኢየሱሳውያኑ (ከሜንዴዝና ከካቶሊክ ሚስዮናውያኑ) መባረር በኋላ የሆነውንም ሊነገራቸው ይገባል። ስለ ክርስቶስ ባሕርይና መቀባት የተነሣው የቅባትና የተዋሕዶ፣ ኋላም የጸጋ ክርክር በዚህችው በጎንደር በነገሥታቱ አደባባይ ሲካሄድ፣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ተወጋግዘዋል፤ ደምም ፈስሷል። ክርክሩ በጉባኤ የተቋጨው እ.ኤ.አ. በ1878 በወሎ በቦሩ ሜዳ ነው። ዛሬ በስልኩ ላይ ወንድሙን መናፍቅ እያለ የሚሰድብ ወጣት ይህን የታሪክ ክፍል ጭምር ቢያውቀው ሳይሻል አይቀርም።

መልስ፦ የሰንበቴ ማኅበርተኛ

እኔ የተማርሁ ሰው አይደለሁም፤ ያነበብሁትን አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በሁለተኛው መቶ ዘመን በሮም የነበረው ዮስጢኖስ ሰማዕት የእሑዱን ጉባኤ ሲገልጽ፣ ከንባቡ፣ ከትምህርቱና ከቁርባኑ ቀጥሎ ዲያቆናቱ ላልመጡት ቁርባኑን ወደ ቤታቸው እንደሚያደርሱላቸው፣ የተሰበሰበውም ገንዘብ ለሙት ልጆች፣ ለመበለቶች፣ ለሕሙማን፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች እንደሚውል ይናገራል። ይህን ለሰንበቴያችን አነበብሁላቸው። እኛ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦና ጠላ ይዘን እንሰበሰባለን፤ ለየኔ ቢጤ የሚደርሰው ግን የተረፈው ነበር፤ ተረኛውም ከባለፈው ተረኛ ላለማነስ ሲል ይበደር ነበር። አሁን ዳቦው ተባርኮ እንደ ተቆረሰ፣ ማንም ሳይቀምስ፣ በሰፈራችን አልጋ ላይ ላሉ ሁለት አረጋውያን ይላካል። ለተረኛውም ወጪ ልክ አበጅተንለታል፤ በዚህኛው ላይ ግን ጭቅጭቁ ገና አላለቀም።

የጠያቂው ምላሽ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሚመጣው እሑድ የ325ቱን ጉባኤ ትቼ ልጆቹ በቅዳሴ የሰሙትንና ያልገባቸውን አንድ አንድ ቃል ጽፈው እንዲያመጡ አዝዣለሁ። ያቺ ተማሪ ከወዲሁ «ኪርያላይሶን» የሚለውን ይዛ መጥታለች፤ ግእዝ ይመስላት ነበርና የግሪክ ቃል መሆኑን፣ ትርጉሙም «አቤቱ ማረን» እንደ ሆነ ስነግራት፣ «ታዲያ ከማን ተቀበልነው?» አለችኝ። ለዚህ ጥያቄ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሳያስፈልገኝ አይቀርም። የቀድሞው ዲያቆን ጎንደር ካሉ፣ መጥተው ያንን የእናትየዋን ጥያቄ ለልጆቹ ቢያጫውቱልን ደስ ይለናል።