ቁርስ ሳልበላ ክላስ፣ እንቅልፍ ሳልጠግብ ፈተና፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጠያቂ፦ ሰላም ናችሁ? ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ነን ካፌ (የግቢውን ካፌ የማልመገብ) ስለሆንኩ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ቤት ተከራይተን ነው የምንኖረው። ክላስ ጠዋት 2:00 ሰዓት ይጀምራል። የታክሲ ሰልፍ ስላለ 12:30 እወጣለሁ፤ ቁርስ የሚባል የለም። እረፍት ላይ ቡና፣ ለምሳ እርጥብ ወይም ፓስቲ፣ 11 ሰዓት ላይ ደግሞ ሌላ ቡና። ሌሊት እስከ 8 ሰዓት እቸክላለሁ። አሁን ጨጓራዬን ያቃጥለኛል። ባለፈው ሳምንት ላብራቶሪ ውስጥ ቆሜ ዓይኔ ጨለመብኝ፤ ጠረጴዛ ይዤ ነው የተረፍኩት። ፋይናል አንድ ወር ነው የቀረው። ብር ብዙ የለኝም። ከየት ልጀምር?

የአራተኛ ዓመት ተማሪ፦ እህቴ፣ ከቁርስ ጀምሪ። እኔን ያተረፈኝ በሶ ነው። ሃይላንድ ውስጥ መጀመሪያ ውሃውን አድርጊ፤ ዱቄቱ ከቀደመ ታች ተጣብቆ ይቀራል። ከዚያ ሦስት ማንኪያ በሶና ትንሽ ስኳር ጨምረሽ፣ ክዳኑን አጥብቀሽ በደንብ በጥብጪው። ሰልፍ ላይ ቆመሽ ትጠጪዋለሽ። ውሃው ግን ማታ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ እኔ በአሜባ አንድ ሚድ አምልጦኛል። እራት ደግሞ አራት ስለሆናችሁ በተራ ሥሩ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን በቂ ነው። እኛ እንጀራውን ብቻ እየገዛን ወጡን ቤት መሥራት ስንጀምር ወጪያችንም ቀነሰ።

ነርስ ነኝ፦ እህት ዓለም፣ ዓይንሽ የጨለመው በረሃብ ብቻ ላይሆን ይችላል። ጤና ጣቢያ ሄደሽ የደም ማነስና የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ አድርጊ። የባክቴሪያው በሰገራ ይታያል። ለራስ ምታት ብለሽ በባዶ ሆድ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ እንዳትወስጂ፤ ጨጓራን ያቆስላሉ። ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሰሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሆስፒታል ሂጂ።

ስለ ቡናው፣ ከጠጣሽው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም ሰውነትሽ ውስጥ ነው። የ11 ሰዓቷ ቡና ማታ 4 ሰዓት ላይም አልለቀቀችሽም ማለት ነው። ከምሳ በኋላ ተዪው። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲወሰዱ በምግቡ ያለውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋሉ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት አራርቂያቸው። ምስሩ ላይ ሎሚ ጨመቅ ብታደርጊበት ግን ያግዛል።

ዘንድሮ የተመረቅኩ፦ ለጥናት ብለው ጫት የሚቅሙ ልጆች ያጋጥሙሻል። እባክሽ እንዳትጀምሪው። እኔ አንደኛ ዓመት ላይ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቼ አነበብኩ። ጠዋት ወረቀቱ ሲሰጠኝ ያነበብኩት ገጽ ይታየኛል፤ የተጻፈው ግን አልመጣልኝም። ጫት በእንቅልፍ ማጣቱ ላይ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል። 5 ሰዓት ተኝተሽ 11:30 ብትነሺ ይሻላል፤ የቀረውን ንባብ ቀን ላይ በአንዱና በሌላው ክላስ መሀል ባለው ክፍት ሰዓት ጨርሺው።

እዚያው ሰፈር ነዋሪ፦ ልጄ፣ ለጤናሽ ብለሽ በእግር መሄድ ካሰብሽ ከክላስ መልስ፣ ሳይመሽ ይሁን። ንጋት ላይ በእኛ በኩል ጅብ ገና ወደ ጎሬው አይገባም። ብቻሽን እንዳትወጪ።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ከጓደኛዬ ኦሜፕራዞል (የጨጓራ መድኃኒት) ተቀብዬ አንድ ሳምንት ወስጃለሁ፤ ችግር አለው? ረቡዕና ዓርብ እስከ 6 ሰዓት ስለምጾም በሶውስ እንዴት ይሁን?

ነርስ ነኝ፦ ኦሜፕራዞሉን መውሰድሽን ለሚመረምርሽ ሰው አስቀድመሽ ንገሪ። ባክቴሪያው እያለ የለም ሊያስብል ይችላል፤ ለሁለት ሳምንት አቋርጠሽ ተመለሺ ሊሉሽም ይችላሉ። ለጾሙ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ ለታመመ ሰው ይፈቅዳሉ። በሶው የገብስ ስለሆነ ጾምነቱ አያሳስብሽ፤ ጥያቄው ሰዓቱ ብቻ ነው።

ጠያቂ፦ እሺ። ቅዳሜ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። በሶውን ለእናቴ ደውዬ አስልኪልኝ ብያታለሁ።