ጥቆማ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ጸጥ ያለች የሱሺ ቤት የምታውቁ?

ናቲ ታኮማ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ። ቅዳሜ የባለቤቴ ልደት ነው። ሁልጊዜ የምንሄድበት የሐበሻ ቤት ሰልችቷታል፤ «ዘንድሮ ሱሺ ካልሆነ አልወጣም» ብላኛለች። እኔ ደግሞ ስለ ሱሺ የማውቀው ከሱፐርማርኬት ፍሪጅ አይዘልም። የምፈልገው የሰፈር ቤት ነው፤ ጥቂት ጠረጴዛ ያላት፣ ሙዚቃው የማያደነቁር፣ ሼፉ ፊት ለፊት ቆሞ ሲሠራ የሚታይባት። እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታኮማ፣ ዊተን፣ ከዚያ ባይርቅ። አማቴም ከአዲስ አበባ መጥተው እኛ ጋ ናቸው። ጥሬ ነገር አይነኩም፤ ሽሪምፕና ሸርጣንማ ስማቸውም አይጠራ። ለሦስታችን ከታክስና ከቲፕ ጋር 150 ዶላር ባያልፍ። ፓርኪንግ ካለማ ተመስገን ነው።

አዱኛ
ወንድሜ ሌላ አትፈልግ። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ከላውንደሪው ጎን ያለችው፣ ኮሪያዊው ሽማግሌ የሚሠራባት። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ ከጻፍኩ እናንተ ትሞሏትና እኔ መቀመጫ አጣለሁ። ኢንቦክስ ግባ።

ሄኖክ ዲሲ
ስም የማይናገር ጠቋሚ ዛሬ ገና አየሁ። ናቲ፣ ለልደት ከሆነ ዲሲ ውረድ። ዱፖንት አካባቢ 17ኛው ጎዳና ላይ ሱሺ ታሮ አለ፤ ፎቅ ላይ ነው፣ ሥራቸውን ያውቃሉ።

ናቲ ታኮማ (ጠያቂ)
ሄኖክ አመሰግናለሁ፣ ግን ሜኑውን አየሁት፤ ኦማካሴው፣ ማለትም ሼፉ ራሱ የሚመርጥልህ ማዕድ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሦስታችንን በጀት ይበላዋል። የሰፈር ቤት ነው ያልኩት።

ሚሚ ዊተን
ናቲዬ፣ ሱሺ ከመብላታችሁ በፊት የኔን ስማ። ባለፈው ዓመት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አንድ ቤት ገባን። ሜኑው ላይ «ነጭ ቱና» የሚል አየሁና ሳሺሚውን አዘዝኩ፤ ያለ ሩዝ ዓሣው ብቻ ማለት ነው። እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ የሚጣፍጥ ዓሣ በልቼ አላውቅም። አንዱን ሰሃን ጨርሼ ሌላ አስመጣሁ። ከዚያ ሌሊቱን መጸዳጃ ቤት አደርኩ። ዝርዝሩን ለክብሬ ስል እተወዋለሁ፤ ብቻ ይወጣ የነበረው ብርቱካንማ ዘይት ነው። ጠዋት ደውዬ ብነግራቸው «ሌላ ደንበኛ ምንም አልሆነም» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ከዚያ ወዲህ ሱሺ የሚል ጽሑፍ ሳይ መንገድ እቀይራለሁ።

ሳሚ
የት ነው? ስሙን ንገሪን!

ቲጂ
አዎ ስሙን! እኛም እንዳንገባበት።

ሚሚ ዊተን
ስም አልጠራም። ጠበቃ የሚከፍልልኝ የለም።

ሳሚ
የመጀመሪያ ፊደሉን ብቻ በይን።

የጉለሌ ልጅ
ጥሬ ዓሣ ሁለት ሰሃን በልቶ ሆዴን አመመኝ ማለት ዝናብ ውስጥ ቆሞ ረጠብኩ እንደማለት ነው። እህቴ ምን ጠብቀሽ ነበር?

ሚሚ ዊተን
ጉለሌ አንተ ቁርጥ ስትበላ በጸሎት አብስለኸው ነው?

ቢላዋ
ቆይ ቆይ፣ ሚሚን አትቀልዱባት። እኔ ጃፓን ምግብ ቤት ኪችን ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ የጀመርኩት ሩዝ አጣቢ ሆኜ ነው። ሚሚ፣ የበላሽው ኤስኮላር የሚባል ዓሣ ይመስለኛል። እዚህ አገር «ነጭ ቱና» እየተባለ በብዛት የሚሸጠው እሱ ነው፤ ቱና ግን አይደለም። ሥጋው ውስጥ ያለውን ሰም መሰል ቅባት የሰው ሆድ መፍጨት ስለማይችል እንዳለ ያልፋል፤ ያየሽው ዘይት እሱ ነው። ዓሣው ተበላሽቶ ነው ማለት አይደለም፣ ትኩስም ቢሆን ያው ነው። አንድ ሁለት ቁራጭ የበላ ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም፤ ሁለት ሰሃን ግን... ለዚህ ነው ሌላው ደንበኛ ደህና የሆነው። ጃፓን ራሷ ከ1977 ጀምሮ እንዳይሸጥ ከልክላለች። ኦሺያና የተባለው የውቅያኖስ ጥበቃ ድርጅት በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ነጭ ቱና ተብለው ከተመረመሩት ናሙናዎች 84 በመቶው ኤስኮላር ሆነው ተገኝተዋል። በጠቅላላው ከሱሺ ቤቶች ከተወሰዱት ናሙናዎች ደግሞ 74 በመቶው የተለጠፈባቸው ስም ትክክል አልነበረም። ስለዚህ ሜኑ ላይ «ነጭ ቱና» ካያችሁ «አልባኮር ነው ወይስ ኤስኮላር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አልባኮር እውነተኛ ቱና ነው። ደህና ቤት ሳይደነግጥ ይመልሳል።

ሚሚ ዊተን
ይኸው! አንድ ሰው እንኳ ገባው። ብርቱካንማ ዘይት ስል ሐኪሟ ራሷ ስቃብኝ ነበር።

አዱኛ
የሽማግሌው ቤት ነጭ ቱና አለ። እኔ ሁልጊዜ እበላለሁ፣ አንድም ቀን ሆዴን ብሎኝ አያውቅም።

ቢላዋ
ወንድሜ፣ ያም ኤስኮላር ሊሆን ይችላል። ስንት ቁራጭ ነው የምትበላው?

አዱኛ
ሽማግሌው አይዋሽም።

ፀሐይ ቤተዝዳ
ወደ ጥያቄው እንመለስ ካላችሁ፣ ሞንጎምሪ ካውንቲ የምግብ ቤቶችን የጤና ፍተሻ ውጤት ኢንተርኔት ላይ በነጻ ያወጣል። ስም ወይም አድራሻ አስገብታችሁ ማየት ነው። እኔ ልጆቼን ይዤ የትም ከመግባቴ በፊት አየዋለሁ።

ሄኖክ ዲሲ
ላውንደሪውን ተከትዬ የአዱኛን ሚስጥራዊ ቤት አገኘኋት። ካውንቲው ላይ ሳያት ፍሪጇ በቂ አይቀዘቅዝም ተብሎ ተጽፎባታል። ጥሬ ዓሣ ለሚሸጥ ቤት ደስ የሚል ዜና ነው።

አዱኛ
ያን ጊዜ ፍሪጁ ተበላሽቶ ነበር፣ አስጠግኗል። ሠራተኛው ሲሠራው ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ደግሞ አንተ የሰው ቤት ምን ያስበረብርሃል?

ሄኖክ ዲሲ
ፍሪጁ ተበላሽቶ እያለ እየበላህ ነበር ማለት ነው?

አዱኛ
ሾርባ ነበር የምበላው።

ዳጊ
አንድ ዋጋ ከፍላችሁ የቻላችሁትን የምትበሉበት ቤት እያለ በቁራጭ መክፈል ምን የሚሉት ነው? እኔ ቁርስም ምሳም ሳልበላ ነው የምሄደው።

ቲጂ
እዚያ ሩዙን ትተህ ዓሣውን ብቻ ለቅመህ ከበላህ ያስከፍሉሃል፣ ደርሶብኛል። ለልደት ደግሞ ሰዓት እየተቆጠረብህ መብላት ደስ አይልም።

ወለተ ማርያም
ልጄ ናቲ፣ ጾም እንዳይሆንብህ ቀኑን አይተሃል? አማትህን ይዘህ እንዳትሳሳት።

ናቲ ታኮማ (ጠያቂ)
እትዬ አይተናል። የሐዋርያት ሐምሌ 5 ተፈቷል፣ ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1 ነው። ቅዳሜያችን መሐል ላይ ናት።

ሳሚ
ቢሆንስ? ዓሣ በጾም ይበላል እኮ።

ወለተ ማርያም
ማን ነው ይበላል ያለህ?

ሳሚ
አያቴ ትበላ ነበር።

አስተባባሪ
ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እዚህ ያበቃል። ለየንስሐ አባታችሁ። ከዚህ በታች ስለዚህ የተጻፈ ይጠፋል።

ሰዓዳ
እኔም አንድ ጥያቄ ላስገባ፤ ሱሺ ውስጥ አልኮል አለ ሲባል ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው?

ቢላዋ
ሰዓዳ፣ ዓሣው ላይ የለም፣ ሶሱ ላይ ነው መጠንቀቅ። ሩዙ በመሠረቱ የሩዝ ኮምጣጤ፣ ስኳርና ጨው ነው፤ አንዳንድ ቤት ግን ሚሪን ይጨምራል። ሚሪን አልኮል ያለው ጣፋጭ ማጣፈጫ ነው። ኢል (እባብ የሚመስል ረጅም ዓሣ) ላይ የሚፈስሰው ወፍራም ቡናማ ሶስና ሥጋና ዓሣ የሚበስልበት ጣፋጩ የተሪያኪ ሶስ በሚሪን ነው የሚሠሩት፤ ጣፋጩ የእንቁላል ጥቅልም ብዙ ጊዜ አለበት። «ሩዙ ላይ ሚሪን አለ?» ብለሽ ጠይቂ፣ ሶሱን አስቀሪ።

ናቲ፣ ለአማትህም እዚሁ ልጨምርልህ። የኪያርና የአቮካዶ ሮል (በሩዝ የተጠቀለለ) አለ፣ የዶሮ ወይም የሳልሞን ተሪያኪ አለ፤ ዶሮውም ሳልሞኑም የበሰሉ ናቸው። የአትክልት ቴምፑራ (በሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ) ካዘዝክ ግን ዘይቱን ጠይቅ፤ ብዙ ቤት ሽሪምፑም እዚያው ዘይት ውስጥ ነው የሚጠበሰው። ካሊፎርኒያ ሮል ላይ ያለው «ሸርጣን» በአብዛኛው ፖሎክ የሚባል ነጭ ዓሣ ተፈጭቶ የተሠራ ነው፤ ቢሆንም የሸርጣን ቅመም ይገባበታልና ለእሳቸው ይቅር። ኢልም ክንፍና ቅርፊት ለሚያዩ ሰዎች አይሆንም፤ እባብ ነው ብለው ጠረጴዛውን ጥለው ይነሣሉ።

ማርታ ቦሌ
እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ነው። ቦሌ አካባቢስ የምታውቁት አለ? እዚህ ሳልሞኑ በአውሮፕላን ስለሚመጣ ዋጋው አይቀመስም።

የጉለሌ ልጅ
ማርቲ ሱሺ ለምን አስፈለገሽ? ሐዋሳ ውረጂ። አሞራ ገደል በጠዋት ደርሰሽ፣ ልጆቹ ዓይንሽ እያየ ቆሮሶውን ገፈው ይሰነጥቁልሻል፣ በዳጣ ትበያለሽ። ጃፓኖች ሳይሰሙ እኛ ስንበላው ኖረናል።

ቢላዋ
ጉለሌ፣ ዳጣው ላይ እስማማለሁ። ግን ከሐይቅ ወጥቶ በቀጥታ አፍ የሚገባ ዓሣ ጥገኛ ትል ሊኖርበት ይችላል። እዚህ በሕጉ ጥሬ የሚበላ አብዛኛው ዓሣ አስቀድሞ ወይ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለ7 ቀን ይቀዘቅዛል፣ ወይ በ35 ከዜሮ በታች እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ለ15 ሰዓት ይቆያል። ከዚህ ነጻ የሆኑት ቱናና በመኖ ያደገ የእርባታ ሳልሞን ዓይነቶቹ ናቸው። «ዛሬ የተጠመደ ነው» ብሎ የሚፎክርን ሱሺ ቤት አትመኑ።

የጉለሌ ልጅ
ዳጣው ትሉን ይገድለዋል።

ፀሐይ ቤተዝዳ
ቢላዋ፣ አንተ ራስህ የት ትበላለህ? ሁሉን ታውቃለህ፣ ቤት ግን አልጠቆምክም።

ቢላዋ
የምሠራበትን ብናገር ማስታወቂያ ይሆናል፣ የሌላውን ብናገር አለቃዬ ያየኛል። ናቲ ራሱ እንዲለይ ልንገረው።

ገብተህ ባንኮኒው ላይ ተቀመጥና መጀመሪያ ሁለት ኒጊሪ (በእጅ የተጨበጠ ሩዝ ላይ ዓሣ የተጫነበት) ብቻ እዘዝ፣ ሳልሞንና ሌላ አንድ። ሩዙን እይ። እንደ ሰው ገላ ለብ ያለ መሆን አለበት፤ በረዶ ከሆነ ጠዋት ተሠርቶ ፍሪጅ ውስጥ የዋለ ነው። በእጅህ ስታነሣው ይያያዛል፣ አፍህ ውስጥ ሲገባ ይፈርሳል፤ እንደ ኳስ ከደረቀ ወይም ጣትህ ላይ ከተበተነ ሠሪው ገና ነው። በእጅ መብላት ነውር የለውም፣ ለእኛማ ማን ይነግረናል። ሶያ ሶስ የሚነካው ዓሣው በኩል ነው፤ ሩዙን ከነከርከው ጨው ብቻ ነው የምትቀምሰው። ዝንጅብሉ በየመሐሉ አፍ ማጠቢያ ነው እንጂ አናቱ ላይ አይጫንም። አረንጓዴው ዋሳቢ እዚህ አብዛኛው ቤት ሆርስራዲሽ የሚባል የሚያቃጥል ሥርና ሰናፍጭ በቀለም ነው፤ እሱን አይተህ በቤቱ አትፍረድ። ሜኑው ላይ ስማቸው የሚያስቅ፣ ማዮኔዝ የተዘነበባቸው ሮሎች ገጽ ከሞሉ፣ ዓሣው እንዳይቀመስ ነው።

ሁለቱ ኒጊሪ ደህና ከሆኑ ቀጥል። ካልሆኑ ለእማማ ተሪያኪውን አዝዘህ፣ ኬክ ሌላ ቦታ ብሉ።

ቲጂ
ይህንን ሴቭ አድርጌዋለሁ።

ፀሐይ ቤተዝዳ
ሒሳቡንም ላግዝህ። ሜሪላንድ ታክሱ 6 በመቶ ነው፣ ዲሲ ምግብ ቤት ግን 10። 20 በመቶ ቲፕ ብታደርግ፣ 150 እንዳያልፍ ሜሪላንድ ላይ የምታዝዘው 119 ዶላር አካባቢ ነው፣ ዲሲ 115። ለሦስት ሰው ይበቃል፤ ሳኬ (የጃፓን የሩዝ መጠጥ) ካልጨመራችሁ። ቅዳሜ ማታ ትናንሽ ቤቶች ስለሚሞሉ ወይ ቀድመህ ደውል፣ ወይ 11 ተኩል ላይ ግባ።

ዳጊ
የማታ 11 ተኩል?

ፀሐይ ቤተዝዳ
በሐበሻ ነው ዳጊ። 5፡30።

ሚሚ ዊተን
እኔ አሁንም እላለሁ፣ ቤታችሁ አብስሉ። ዊተን ያለው የኮሪያ ሱፐርማርኬት ኤች ማርት ለሳሺሚ ተብሎ የተዘጋጀ ሳልሞን በጥቅል አለ። ቢያንስ ምን እንደሆነ ስሙ ተጽፎበታል።

ሄኖክ ዲሲ
መንገድ እቀይራለሁ ያልሽው ሴትዮ የሳሺሚ መደርደሪያውን በቃልሽ ታውቂዋለሽ።

ናቲ ታኮማ (ጠያቂ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው። አዱኛ፣ ኢንቦክስ ላይ ጽፌልሃለሁ፣ መልስልኝ። ቢላዋ ተባረክ፣ ባለቤቴ አንብባው «ይህን ሰውዬ ለምን አትጋብዘውም» ብላለች።

ፀሐይ ቤተዝዳ
ናቲ፣ ቅዳሜ አለፈ እኮ። የት ሄዳችሁ? እንዴት ነበር?

ቲጂ
እኔም እየጠበቅኩ ነው።

አዱኛ
ቅዳሜ ማታ ሽማግሌው ጋ ስገባ የኔ ቦታ ላይ ነጠላ የለበሱ እናት ተቀምጠው ነበር። ናቲ፣ አንተ ነህ?

ሳሚ
ቆይ፣ እዚህ ካላችሁ፣ ለፍልሰታ የጾም ኬክ የሚሠራ ቤት የምታውቁ? የእህቴ ልጅ ልደት ነሐሴ 9 ነው።

አዱኛ
የሽማግሌው ቤት ሞቺ፣ በሩዝ ሊጥ የተጠቀለለ አይስክሬም አለ።

ሳሚ
ወተት የለውም?

አዱኛ
እጠይቀዋለሁ።