ክርክር፦ ለሲሚንቶ ፋብሪካ የውጭ ድንጋይ ከሰል ማስገባት ጨርሶ ይታገድ?

ከፋች፦ ከውጭ የሚገባ ከሰል ዶላር ይበላል። እዚሁ አገራችን ውስጥ በያዩም፣ በደልቢ-ሞዬም፣ በጭልጋም ከሰል አለ። ቢታገድ ምድጃዎቹ ይቆማሉ ወይስ ይላመዱታል? በቁጥር ተነጋገሩ።

ማዕድን አጥኚ፦ ይታገድ ባይ ነኝ። የውጭው 6,000 ኪሎ ካሎሪ በኪሎ ነው፤ የኛ አቅራቢ 5,200 የሚል የላብራቶሪ ወረቀት ይዞ ሲመጣ ልዩነቱ ዶላር የሚያስወጣ አይደለም።

የላብራቶሪዋ፦ 5,200 በምን ዓይነት ናሙና ላይ የተለካ ነው? አየር ላይ ደርቆ 8 በመቶ እርጥበት የቀረው ናሙና ከሆነ፣ ፋብሪካው በር ላይ ከሰሉ 20 በመቶ ውሃ ይዞ ሲደርስ 5,200 ሲባዛ በ80 ሲካፈል ለ92፣ ወደ 4,520 ይወርዳል። የውጭው 6,000 ግን እንደደረሰ የተለካ፣ ውሃውን ለማትነን የሚጠፋው ሙቀትም የተቀነሰለት የተጣራ ቁጥር ነው። የኛንም በዚያው መንገድ ብናጣራው ከ4,520 ገና ይቀንሳል። ወረቀቱ ላይ «እንደደረሰ»፣ «አየር የደረቀ» ወይም «ፍጹም ደረቅ» ካልተጻፈ ቁጥሩን አትመኑት።

ምድጃ ጠባቂ፦ እኔን የሚያሳስበኝ አመዱ ነው። 1 ቶን ክሊንከር (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው የምድጃው ውጤት) ወደ 800,000 ኪሎ ካሎሪ ይፈልጋል። በ6,000ው ከሰል 133 ኪሎ ይበቃል፤ አመዱ 15 በመቶ ቢሆን 20 ኪሎ ነው። በኛ 4,000 ካሎሪ ከሰል 200 ኪሎ ያስፈልጋል፤ አመዱ 35 በመቶ ከሆነ 70 ኪሎ። ይህ አመድ በጭስ አይወጣም፣ ክሊንከሩ ውስጥ ይቀራል። አብዛኛው ሲሊካና አሉሚና ስለሆነ ጥሬ ድብልቁ ላይ ኖራ ድንጋይ መጨመር ግድ ነው። 70 ኪሎው ሁልጊዜ 70 ቢሆን እናስተካክለው ነበር። አመዱ ዛሬ 25፣ ነገ 40 በመቶ ሲሆን ግን ነጻ ኖራ (ሳይዋሃድ የቀረ ኖራ) ይበዛል፣ የሲሚንቶው ጥንካሬም ይዋዥቃል። ሰልፈሩ ከፍ ካለ ደግሞ የምድጃው መግቢያና ጥሬውን ቀድመው የሚያሞቁት ሳይክሎኖች በቅርፊት ይደፈናሉ።

ማዕድን አጥኚ፦ ለዚህ እኮ ነው ማጠቢያ የሚተከለው! ንጹሑ ከሰል እፍጋቱ (ውሃ 1 ሲባል) 1.3 እስከ 1.4 ነው፣ ሸክላ ድንጋዩ ከ2 በላይ። በማግኔታይት (የብረት ማዕድን ዱቄት) በከበደ ውሃ ውስጥ ከሰሉ ይንሳፈፋል፣ ድንጋዩ ይሰጥማል።

የላብራቶሪዋ፦ አመዱ በንብርብር መካከል ከገባ አዎ። በከሰሉ ውስጥ በደቃቁ ከተበተነ ግን ማጠቢያው አይለየውም። ስለዚህ ከግንባታው በፊት በየእፍጋቱ የመንሳፈፍና የመስጠም ፈተና ይደረግ። የታጠበውም ከሰል ረጥቦ ስለሚወጣ የካሎሪው ነገር እንደገና ይመጣል።

የቡና አገር ልጅ፦ ተራፊውስ የት ይደፋል? 40 በመቶ አመድ ያለውን ወደ 20 ለማውረድ 55 በመቶ ምርት ብታገኙ እንኳ፣ ከ100 ቶን 45 ቶን ተራፊ ይቀራል፤ አመዱ 64 በመቶ ገደማ ነው። ፓይራይት (የብረትና የሰልፈር ማዕድን) ካለበት ዝናብ ሲነካው አሲድ ያፈሳል። ያዩ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የቡና ጫካ ባዮስፌር (ጥብቅ የተፈጥሮ ክልል) ነው። ወንድሞቼ፣ ይህን በዶላሩ ሂሳብ ውስጥ አላየሁም።

ማዕድን አጥኚ፦ እህቴ፣ ቦታው ይመረጥ፣ የተራፊው ገንዳ በሸክላ ይለበድ እንጂ ማዕድኑ ይተው አልልም።

ምድጃ ጠባቂ፦ እኔ ሙሉ እገዳውን እቃወማለሁ፣ የአገር ውስጡን ግን አልቃወምም። ካልሳይነር (ኖራ ድንጋዩን ከዋናው ምድጃ በፊት የሚያቃጥል ክፍል) ባለው ምድጃ ወደ 60 በመቶ የሚሆነው ነዳጅ በ850–900 ዲግሪ ነው የሚነደው፤ የታጠበው የኛ ከሰል እዚያ ይግባ። ዋናው በርነር 2,000 ዲግሪ የሚጠጋ ነበልባል ስለሚፈልግ ጥሩው ከሰል ለእሱ ይቆይ። ክምሩ ርዝመቱን ተከትሎ በቀጭን ንብርብር ይደርደር፣ ሲነሳ በጎን ተቆርጦ ይነሳ፤ ያኔ አመዱ ይቀላቀላል። ለጋ ከሰል በራሱ ይሞቃልና በዶዘር ይጠቅጠቅ፣ የቆየው ይቅደም፤ ውስጡ ከ60 ዲግሪ ካለፈ ወፍጮ እንዳይገባ።

ማዕድን አጥኚ፦ ለአነስተኛ አምራች የዚህ ሁሉ ምርመራ ክፍያ ከየት ይመጣል?

የላብራቶሪዋ፦ ከገዢው። ክፍያው በቶን ሳይሆን እንደደረሰ በተለካ የተጣራ ካሎሪ ይሁን፣ ናሙናውም ከመኪናው አናት ሳይሆን ከጥልቀቱ ይወሰድ። በቶን ሲከፈል ውሃና ድንጋይ ጭኖ መምጣት ያዋጣል።