ጥቆማ፦ ወሎ ገጠር ላይ አማካሪ ባለሙያ ለምትፈልጉ

ከደላንታ፣ ከወረኢሉ፣ ከመርሳ ዙሪያ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ ነገር አለ። «እናቴ ከጦርነቱ ወዲህ እንቅልፍ የላትም፣ ቁጭ ብሎ የሚያናግራት ባለሙያ የት ላግኝ?» እኔም አክስቴን ይዤ ስዞር ከርሜያለሁና ያየሁትን ልንገራችሁ።

ክሊኒካል ሶሻል ወርከር (ሰውን አነጋግሮ የሚያማክር የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ) ብላችሁ ቀበሌ ላይ አትፈልጉ፣ አታገኙም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በደርግ ጊዜ ተዘግቶ፣ ማስተርሱ የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። የተማሩትም አብዛኞቹ ከተማ ይቀራሉ። ሥራውን ተከፋፍለው የሚሠሩ ሰዎች ግን አሉ።

ቅርቧ የጤና ኤክስቴንሽኗ ናት። ቤታችሁን ታውቃለች፣ መንገዱንም ታሳያችኋለች። ግን የሰፈር ልጅ ናት፤ አክስቴ «ወሬው ይወጣል» ብላ አፏን አልከፈተችላትም። ይህን ፍርሃት አትናቁት።

ጤና ጣቢያ ስትሄዱ የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ካለ ጠይቁ። እኛን አንዱ ጋ ሳያናግሯት መድኃኒት ጽፈው ሸኙን። በጣም አዘንኩ። ሌላ ቀን ሌላ ነርስ አገኘን፣ ወንበሩን አስጠግቶ ስለ ልጇ ጠየቃት፤ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰችው።

ሪፈር ይዛችሁ ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል ከሄዳችሁ የአእምሮ ክፍሉን ታገኛላችሁ። ነገሩ ከበድ ካለ፣ ማለትም እህል እምቢ ካለች ወይም ሞትን ካነሳች፣ እኔ የምመርጠው ይህን ነው፣ ያውም ሳታድሩ። እዚያ ስትደርሱ ሶሻል ወርከር እንዲያያችሁም ጠይቁ፤ የማደሪያና የገንዘብ ችግር የሚነገረው ለእሱ ነው። የጤና መድህን ካላችሁ ያለ ሪፈር አትሂዱ፣ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ።

የተደፈረች ልጅ ካለች ግን ወረፋውን ሁሉ ተዉት። በ72 ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል ትድረስ፣ የኤችአይቪ መከላከያው የሚሠራው በዚያ ጊዜ ውስጥ ብቻ ነው።

ቅሬውንም (እድሩን) አትርሱት። የመኪናውን ያዋጡልን የቅሬያችን ሰዎች ናቸው፣ አክስቴን እሺ ያሰኟትም ሼካችን ናቸው። ወዳጃ (ተሰብስቦ ዱዓ የሚደረግበት) ላይ ተቀምጣ ቀለል ሲላት አይቻለሁ። ዱዓውም ፀበሉም ይቀጥል፣ መድኃኒቱን ብቻ እንዳታስቆሙ።

የወረኢሉዋ እህቴ፣ አንቺ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂጂና ሪፈሩን አውጪ። እናትሽን ብቻዋን አትላኪያት፣ የምታምነው ሰው ይከተላት።